ደላላው የት ይዳኝ?

የዛሬው ጥያቄ፦ «ዋሊድ» በሚል ስም የሚታወቀው ኤርትራዊ፣ ተወልደ ጎይቶም፣ ሊቢያ ባኒ ዋሊድ ውስጥ ስደተኞችን አግቶ ቤተሰባቸውን ያስከፍል ነበር ተብሎ አዲስ አበባ ላይ ተያዘ። በ2021 እ.ኤ.አ. 18 ዓመት ተፈረደበት። በ2022 ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። ልክ ነበር? ወይስ እዚሁ መቆየት ነበረበት?

የፒያሳው፦ እዚሁ መቆየት ነበረበት። ከታገቱት ስንቱ የእኛ ልጅ ነው! እናት ልጇን ያሠቃየው ሰው ሲፈረድበት በዓይኗ ማየት የምትችለው እዚህ ነው። ኔዘርላንድስ ድረስ ማን ይወስዳታል?

ሰላም ነኝ፦ ወንድሜ፣ ሌላውን ኤርትራዊ ደላላ፣ ኪዳነ ዘካርያስን ረሳኸው እንዴ? አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያወቀውና ያስያዘው ሊቢያ ያሠቃየው ልጅ ነው። ያ ልጅ ምን ያህል እንደደፈረ አስቡት። ሰውየው ግን በ2021 ከፍርድ ቤት አመለጠ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት በሌለበት ነው። በሌለበት! ሱዳን ላይ የተያዘው በ2023 መጀመሪያ፣ ኤምሬቶችና ኢንተርፖል ሲተባበሩ ነው። ጠብቀን ማቆየት ካልቻልን የሚችል ይውሰደው።

የሕግ ተማሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያዊ ቢሆን ኖሮ አይሰጥም ነበር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 21 የራስን ዜጋ አሳልፎ መስጠት ይከለክላል። ኔዘርላንድስም የጠየቀችው በባዶ ሜዳ አይደለም፤ እዚያ የሚኖሩ ዘመዶች ጭምር ገንዘብ እንዲልኩ ተገደዋል ብላ ነው።

የፒያሳው፦ እሺ፣ ግን አውሮፓ አይሳሳትም ያለው ማነው? በ2016 ሱዳን አንድ ወጣት ይዛ ለጣሊያን ሰጠች። ከሚፈለገው ደላላ ጋር የሚያገናኘው ግን «መድኃኔ» የሚለው ስም ብቻ ነው፤ የተሰጠው ሌላ ሰው ነበር። እናቱ ጣሊያን፣ ፓሌርሞ ድረስ ሄደው ዲኤንኤ ሰጡ፣ ልጃቸው መሆኑም ተረጋገጠ። ያም ሆኖ የተለቀቀው በ2019 ነው። ሦስት ዓመት ታሰረ! ትብብር ሲባል ይሄም አለበት።

ሰላም ነኝ፦ ይሄ እውነት ነው፤ እኔንም ያመኛል። ማንነቱ ሳይጣራ ማንም መሰጠት የለበትም። ዋሊድን ግን እዚሁ ተጎጂዎቹ ችሎት ቀርበው መስክረውበታል።

ከሪያድ፦ ስለ አለቆቹ ብቻ አታውሩ። የአክስቴ ልጅ ሊቢያ ታግቶ ነበር። ስልክ ተደውሎ ጩኸቱን ያሰሙናል። አክስቴ በሬዋን ሸጠች፣ እኔም ከዚህ ላክሁ። ገንዘቡ ግን ሊቢያ አልሄደም። አዲስ አበባ ላለ ሰው አካውንት ነው ያስገባነው። ደረሰኙ አሁንም እጄ ላይ አለ። አለቃው የትም ይታሰር፣ ያ ሰው እስካለ ሌላ አለቃ ይመጣል። ተማሪው፣ እስቲ ንገረኝ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ይህን ደረሰኝ ለማን ነው የምሰጠው?

የሕግ ተማሪ፦ ለፌዴራል ፖሊስ ማመልከት ትችላለህ። አክስትህ ሀገር ቤት ካሉ እሳቸው ይቅረቡ፣ አንተ ደግሞ ቃልህን በጽሑፍ ላክ። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 ገንዘብ ተቀባዩንም ይመለከታል። ዋናውን ደረሰኝ ግን ከእጅህ አታውጣ፣ ኮፒውን ስጥ።