የጣሪያና ግድግዳ ግብር ቅሬታ የት ነው የሚቀርበው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ አዲስ አበባ የቤት ግብር ነገር የገባው ሰው ካለ እባካችሁ ቢያስረዳኝ። እናቴ ጡረተኛ ናት፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ እሱ በሰራው ቤት ነው የምትኖረው፣ አታከራየው ምን አታደርገው። ከ2015 ጀምሮ ግብሩ እንደተጨመረ የታወቀ ነው፣ ድሮ የሚከፈለው ለሻይ እንኳን የማይበቃ ነበርና መጨመሩን በጭፍን አልቃወምም፣ መንገዱም ቆሻሻ ማንሳቱም ብር ይፈልጋል። ግን አዋጁ እኮ የ1968 ነው፣ የሚሰላውም ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ነው፣ ታዲያ ያልተከራየ ቤት ውስጥ በጡረታ ብቻ የምትኖር ሴት ከየት አምጥታ ትክፈል? ሰፈሩ ስለተወደደ የሷ ገቢ አልጨመረም!

ወረዳ ሄጄ ግምቱ እንዴት እንደተሰራ በጽሁፍ ስጡኝ ብል ሲስተሙ ያወጣው ነው ብለው መለሱኝ። የቤቱ ስፋት ራሱ ካርታው ላይ ካለው በልጦ ነው የተመዘገበው፣ እሱን እንኳን የሚያስተካክልልኝ አጣሁ።

አሁን የጨነቀኝ፣ ቅሬታው የሚገባው ወረዳ ነው ክፍለ ከተማ? ቀኑ እንዳያልፍና ቅጣት እንዳይመጣ ከፍዬ ብከራከር እንደተስማማሁ ይቆጠርብኛል ወይ? ለጡረተኛ ቅናሽ ወይም ከፋፍሎ መክፈል የተፈቀደለት ሰው ካለስ ምን ምን ወረቀት አቀረባችሁ? ደግሞ በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይሄንን ይተካዋል ወይስ በላዩ ላይ ነው የሚመጣው? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ እናቴ ቤቱን ልሽጠው ማለት ጀምራለች።