ታይሮይድና ቢ ቫይታሚን በአንድ ኪኒን? የኔ ጥቆማ

«የታይሮይድ ሆርሞንም ቢ ቫይታሚንም ያለበት ኪኒን ከአሜሪካ ተልኮልኛል፣ ልጀምረው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ ሐኪማችሁ ሳያየው አትጀምሩት። ሁለቱ ካስፈለጓችሁ ለየብቻ ግዙ። ምክንያቴ እማዬ ናት።

እማዬ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን) ከጀመረች ቆይታለች። 75 ማይክሮግራም፣ በቀን አንድ ፍሬ። አምና እህቴ ከቨርጂኒያ «ለታይሮይድ ድጋፍ» የሚል ብልቃጥ በሰው ላከችላት። «ቫይታሚን ነው» ተብሎ በላዩ ላይ ተጨመረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ልቧ ድው ድው ማለት ጀመረ፣ እንቅልፍ ጠፋ፣ ሲኒ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝ ሆርሞን፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ እሱ ይወርዳል) ስትለካ በጣም ወርዷል። ሐኪሟ «የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይምጡ» አላት። ብልቃጡን አገላብጦ ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ ያለውን አነበበልን፦ የከብት ታይሮይድ ዱቄት፣ ቢ12፣ ባዮቲን 5,000 ማይክሮግራም። አስቆማት። ብልቃጡ አሁን የቁንዶ በርበሬ መያዣ ሆኗል።

እንዲህ ያሉ ብልቃጦች ሁለት ጣጣ አለባቸው። አንደኛው ያልተጻፈ ሆርሞን ነው። በ2013 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 10 የ«ታይሮይድ ድጋፍ» ምርቶችን መርምሮ 9ኙ ውስጥ ቲ3 የተባለውን ሆርሞን አግኝቷል። ሁለተኛው ባዮቲን ነው፤ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ቢ7 ማለት ነው። ለአዋቂ በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃል። በሺዎች ሲወሰድ ግን የላብራቶሪ መሣሪያውን ያሳስታል። ቲኤስኤች ሳይወርድ የወረደ፣ ሆርሞኑ ሳይበዛ የበዛ ሊመስል ይችላል። ከዚያ ሐኪሙ ወረቀቱን አምኖ መድኃኒት ይቀንሳል። ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ ቢያንስ 2 ቀን በፊት ባዮቲኑን አቁሙት። የሄድንበት ላብራቶሪ አንዴም ጠይቆን አያውቅም፤ ራሳችሁ ተናገሩ።

አሁን ወደ ግዢው። አዲስ አበባ ላላችሁ ሌቮታይሮክሲንን መጀመሪያ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ ጠይቁ። ወረፋ ሊኖር ይችላል፣ አንዳንዴም «አልቋል» ትባላላችሁ፣ ለኪስ ግን ይሻላል። የግል ፋርማሲዎች ዘንድ የብራንድ ምርጫው ይሰፋል፤ ዋጋው ግን ከበር በር ይለያያልና ሁለት ሦስት ቦታ ደውሉ። የሻንጣ መድኃኒት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ መንገድ ላይ ምን ያህል ሙቀት እንዳገኘው ማን ያውቃል? ዩታይሮክስ የተባለውን የሌቮታይሮክሲን ብራንድ ከጀመራችሁ በእሱ ቀጥሉ። ብራንድ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች ይለካ። ስትገዙ 25ን ከ75፣ 50ን ከ100 ለይታችሁ እዩ፤ ማሸጊያው ይመሳሰላል።

ቢ ቫይታሚን ላይ ብዙ አልልም። መጀመሪያ ቢ12 ተለኩ፤ በተለይ ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) የምትወስዱ። ካነሰ ተራው የቢ12 ኪኒን ወይም ሐኪም ያዘዘው መርፌ ይበቃል። ኒውሮቢዮንና መሰሎቹ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ናቸው፤ ቢ6 ግን በከፍተኛ መጠን ለወራት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ብረት ወይም ካልሲየም ያለበት መልቲቫይታሚን ከሆነ ከታይሮይዱ ኪኒን 4 ሰዓት ይራቅ።

ነፍሰ ጡሮች፦ የሆርሞኑ ፍላጎት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እንዳረገዛችሁ ለሐኪም ንገሩ፣ በራሳችሁ አታቋርጡ። ለመክሳት ብላችሁ ሆርሞኑን ልትወስዱ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ተዉት፤ ልብ ላይ ነው የሚያርፈው።

«ቡናስ?» ላላችሁኝ፦ ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው። ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቃሉ። እማዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ውጣ ኪዳን ትሄዳለች፤ ስትመለስ ጀበናው ይጣዳል። በጾም ውሃም ስለማትቀምስ ሐኪሟን ጠይቀን ወደ ማታ አዛወርነው፤ እራት ከበላች 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ልትተኛ ስትል። ረመዳን ለምትጾሙም ይኸው ይሠራል። ቢ12ዋን ከምሳ ጋር ነው የምትወስደው፤ እሱን እንኳ እኔ ካላስታወስኳት ትረሳዋለች።