አዳማ ላይ ስደተኛ እናት የእርግዝና ክትትል የት ትጀምር?

የመንታዎቹ እናት፦
ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ኤርትራዊት ልጅ አለች። ሰሜን ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ከካምፕ ወጥታ አዲስ አበባ ቆየች፣ ኪራዩ ሲከብዳት አዳማ መጣች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ እስከዛሬ ክትትል አልጀመረችም። ጤና ጣቢያ ይዣት ብሄድ ካርድ ክፍል ያለው ልጅ የቀበሌ መታወቂያ ጠየቃት። የስደተኛ ወረቀቷን ስታሳየው ገልበጥ አድርጎ አየና «ጊዜው አልፏል፣ አሳድሳችሁ ኑ» ብሎ መለሰን። ለማሳደስ አዲስ አበባ መሄድ አለባት፤ እሷ ደግሞ መንገድ ላይ ፖሊስ ይይዘኛል ብላ ንቅንቅ አልልም አለች። ባሏ ከወጣ ቆይቷል፣ እሱን ተዉት። የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ታይታ ልጁ ደህና ነው ተብላለች፤ ለመውለጃ የሚሆን ብር ግን እኔም የለኝ እሷም የላት። የት ልውሰዳት? ሰሞኑን ደግሞ እግሯ ማበጥ ጀምሯል።

ሚድዋይፍ ነኝ፦
መጀመሪያ እብጠቱ። እግር ብቻ ከሆነ ብዙ እርጉዝ ላይ የሚታይ ነው። ፊቷና እጇም ካበጠ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካላት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይ ከጎድኗ ሥር ካመማት ግን ስልኩን አስቀምጪና አሁኑኑ ይዘሻት ሂጂ፤ የሚያስፈራው የደም ግፊት ነው። ደም ወይም ሽርት ውሃ ከፈሰሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባትም እንደዛው። እንዲህ ሲሆን ካርድ ክፍል አትሰለፊም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ወይም ማዋለጃ ክፍል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትል፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔና የሕፃናት ክትባት በነጻ ነው። እዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሺ፣ ከካርድ ክፍሉ ልጅ ጋር ግን አትከራከሪ፤ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ግቢና አዋላጇን አናግሪ፣ ካልሆነ የጣቢያውን ኃላፊ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በር ላይ ነው፣ ውስጥ ያሉት እርጉዝ መመለስ አይፈልጉም።

ሰባት ወር ዘግይቷል፣ ግን አሁንም ብዙ ነገር ይሠራል። አልትራሳውንዱ ልጁን አሳየ እንጂ የእሷን ደም አላየም። ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ፣ ሽንት ይታያል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና አይረን ትወስዳለች። ኤች አይ ቪ ቢገኝባት እንኳ መድኃኒት ቶሎ ከጀመረች ወደ ልጁ እንዳይተላለፍ ማድረግ ይቻላል።

ዝም አልልም፦
ኧረ እኛ እዚሁ ተወልደን ጓንት ከውጪ ግዙ እየተባልን ለስደተኛ ሁሉ በነጻ ነው? ግብር የምንከፍለው እኛ!

ሕግ አንባቢ፦
ዝም አልልም፣ የጓንቱ ነገር እውነት ነው፤ ሆስፒታል ሪፈር ስትባል መድኃኒት ከውጪ ግዙ የሚባልበት ጊዜ አለ፣ ትንሽ ብር ያዙ። ግን ጓንቱን ያሳጣሽ ይቺ ልጅ ናት?

ሕጉ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። ዕውቅና ያገኘ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ አገር ውስጥ ያለውን የጤና አገልግሎት ማግኘት እንደሚችል ይላል። የወረቀቱ ቀን አለፈ ማለት ስደተኛነቷ ቀረ ማለት አይደለም። ወረቀቱ መታደሱ አይቀርም፣ ምጥ ግን ወረቀቱን የሚያድሰውን መሥሪያ ቤት፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትን፣ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሁለቱን ለየብቻ ያዙት።

ስትወልድ ደግሞ የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳትቀበል እንዳትወጣ! ከ2010 ጀምሮ የስደተኛ ልጆችም ልደት ይመዘገባል፤ ጊዜው 90 ቀን ነው። ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠየቀው እሱን ነው።

አስመራ ተወልጄ ሀዋሳ የወለድኩ፦
እህቴ፣ አምላክ ይስጥሽ። እኔም ወረቀቱን ነበር የማመካኘው፣ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ፊት «ባልሽ የት ነው?» ይሉኛል ብዬ ነው። አማርኛዬም ስደናገጥ ይጠፋብኛል፤ ምጥ ላይ በትግርኛ ብቻ ነበር የምጮኸው። ስለዚህ አስገብተሻት አትውጪ፣ አብረሻት ቁሚ። ትግርኛ የምትችል ጎረቤት ካለችም ለወሊዱ ቀን ከአሁኑ ጠይቂያት፤ ሌሊት የባጃጅ ስልክም ያዢ። እኔ ጋ አዋላጇ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ከወለድኩ በኋላ ገንፎ እንኳ አብልተውኛል።

ሌላው፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ እዚያው ልትጠይቅ ትችላለች፣ ከፈለገች ብቻ፣ ማንም አይወስንላትም። ጤና ጣቢያው ካልተመቻት የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒክ አዳማም ሀዋሳም አለ።

የመንታዎቹ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። አሁን ፋርማሲ ወስጄ ግፊቷን አስለካሁ፣ 130 በ85 አሉኝ። ራስ ምታት የለኝም ትላለች። ሚድዋይፏ፣ ይሄ ያሰጋል?

ሚድዋይፍ ነኝ፦
ከፍ ያለ የሚባለው ከ140 በ90 ጀምሮ ነው። ግን ወደዚያው ተጠግቷል፣ አንዴ መለካትም አይበቃም፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አድርሻት። ወረቀቷን፣ ጊዜው ያለፈውንም ቢሆን፣ እና የአልትራሳውንዱን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ማታ ራሷን ካመማት ግን ነገን አትጠብቂ።