ፔን እና ቴለርን ለማየት ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ትናንት ዲለሩ እዚህ የጻፈውን አንብቤ ተናድጄ ነው ያደርኩት። ሰላም የምትባል እህታችን «እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ቬጋስ ይዣት ስመጣ የፔን እና ቴለርን የምትሃት ትርኢት ላሳያት?» ብላ ጠየቀች። እሱ ምን አላት? «ገንዘብሽን አታባክኚ። ያው በቲቪ ያየነው ነው። ሰዎቹ አርጅተዋል፣ ምስጢራቸውንም ራሳቸው አውጥተው ጨርሰውታል።» ሦስቱም ልክ አይደለም። እነዚህ ሁለት ምትሃተኞች እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አብረው ይሠራሉ፤ ፔን ያወራል፣ ቴለር ዝም ይላል። ሚኔሶታ ፌስቲቫል ላይ ሜዳ ቆመው ጀመሩ፣ ኒው ዮርክ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ያሉበት ብሮድዌይ ደረሱ፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ ሪዮ ሆቴል ናቸው። በቬጋስ ታሪክ አንድ ሆቴል ውስጥ እንደነሱ የቆየ ዋና ትርኢት የለም። ይሄን ሁሉ ዓመት የገባው ሰው ሁሉ ተታሎ ነው?

ዲለሩ፦
ወንድሜ፣ ስለቆየ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ቬጋስ በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ ይመጣላታል። አንድ ጊዜ አይቶ የሚሄድ ሰው ካለ ትርኢቱ ባይለወጥም ወንበሩ ይሞላል። እኔ እዚሁ ካዚኖ ካርታ እያደልኩ ነው የምሠራው። ሰው ከትርኢት ሲወጣ ፊቱን አያለሁ። የጠየቀችኝን በቅንነት መለስኩላት። ዩቲዩብ ላይ የሌለ ምን አላቸው? አንድ ንገረኝ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
«ያው በቲቪ ያየነው ነው» ያልከውን እንየው እስቲ። ቲቪ ላይ ያየኸው «ፉል አስ» (አታሉን) የሚባለውን ፕሮግራማቸውን ነው። በ2011 እንግሊዝ አገር የተጀመረው፣ በኋላ አሜሪካ የመጣው። እዚያ ላይ የሚሠሩት እኮ ሌሎች ናቸው! እንግዳው ምትሃተኛ ትሪኩን፣ ማለትም የምትሃት ጨዋታውን፣ ይሠራል፣ ፔን እና ቴለር ቁጭ ብለው እንዴት እንደሠራው ለማወቅ ይሞክራሉ። ካልደረሱበት ዋንጫ ወስዶ እነሱ መድረክ ላይ የመሥራት ዕድል ያገኛል። እነሱ ራሳቸው የሚሠሩት መጨረሻ ላይ አንድ ብቻ ነው። ታዲያ የቱን አይተኸው ነው «ያየነው ነው» የምትለው?

ሹፌሩ፦
አራት ኪሎ ልክ ነው። ኤርፖርት አካባቢ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጓደኛዬ ትርፍ ትኬት አለኝ ብሎኝ ገብቼ ነው ያየኋቸው። ምንም ሳልጠብቅ ነው የገባሁት። ፔን ብቅ ይልና «የሚቀጥለው ትሪክ የሚሠራው በአንድ ክር ብቻ ነው» ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ቴለር አንዲት ቀይ ኳስ ይዞ ይመጣል። አንድ ቃል አይናገርም። ኳሷ ትከተለዋለች፣ ስትታዘዝ ቆም ትላለች፣ ስታኮርፍ እምቢ ትላለች። ክብ ቀለበት ውስጥ ዘልላ ታልፋለች። ክር መሆኑን ነግረውኛል፣ ዓይኔን ተክዬ ክሩን እየፈለግኩ ነው። አላገኘሁትም። ትንሽ ቆይቼ መፈለጉንም ተውኩት። ለኳሷ አዘንኩላት፣ እውነቴን ነው።

ዲለሩ፦
ይኸው! ራስህ ተናገርክ። ክር ነው ብለው ነግረውሃል። ምስጢሩን ነግሮህ ገንዘብ የሚቀበልህ ሰው ምኑን ምትሃተኛ ነው? እኔ ትኬት የምገዛው እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ አፌን ከፍቼ ለመውጣት ነው።

ሹፌሩ፦
አፌን ከፍቼ ነው የወጣሁት እያልኩህ!

ጋሽ መምህር፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። ይሄ «ምስጢር ያወጣሉ» የሚባለው ክስ የቆየ ነው። ለንደን ያለው የምትሃተኞች ማኅበር፣ ማጂክ ሰርክል የሚባለው፣ በዚሁ የተነሳ ለብዙ ዓመታት በሩን ዘግቶባቸው ነበር። በ2025 አባል አድርጎ ተቀበላቸው። ኩባያና ኳስ የሚባለውን ጥንታዊ ጨዋታ የሚሠሩበትን መንገድ ተመልከቱ። ሌላው ሰው በብረት ኩባያ ይሠራዋል። እነሱ መጀመሪያ በብረቱ ያሳዩሃል፣ ቀጥለው ውስጡ በሚታይ ፕላስቲክ ኩባያ ይደግሙታል። ኳሱ ሲገባ ታያለህ፣ ሲወጣ ታያለህ። ያም ሆኖ እጁን መከተል ያቅትሃል። ምስጢሩ ሲገለጥ የእጁ ሥራ ይበልጥ ይታያል። ዲለር ነኝ ካልክ ይሄን ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቤት የለም፣ የእጅ ፍጥነት የዕለት እንጀራህ ነው።

ዲለሩ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የእጅ ፍጥነትማ ቀኑን ሙሉ አያለሁ። ከሥራ ወጥቼ ደግሞ ከፍዬ አላየውም። የቬጋስ ምትሃት ማለት እነዚያ ከአውሬ ጋር የሚሠሩት ሁለቱ ምትሃተኞች፣ ዚግፍሪድ እና ሮይ ነበሩ። ነጭ ነብር፣ ዝሆን፣ ጭስ፣ ብርሃን! ሚራዥ ሆቴል በዚያ ነው ስሙ የተጠራው። ገንዘቡ የት እንደሄደ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ነብሩ ሮይን መድረክ ላይ አንገቱን ይዞ ሲጎትተው ምን እንደደረሰ ረሳኸው? ጥቅምት 2003 ነው። ትርኢቱ በዚያው ተዘጋ። እንስሳ ካላሠቃዩ አያምርም የሚለው ነገር አይገባኝም።

ዲለሩ፦
ማን ይሠቃይ አለ? ሮይ ራሱ እስኪሞት ድረስ ነብሩ ሊያድነኝ ነው የሞከረው እያለ ነው የኖረው። ነገር አታጣምም።

ሹፌሩ፦
ሚራዥም በ2024 ተዘጋ እኮ። የሌለ ትርኢት እያነጻጸርክ ነው። ሰላም የጠየቀችው አሁን ስላለው ነው።

የልጆች እናት፦
እኔ ሌላ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ይሄ ፔን የሚባለው ሰውዬ እግዚአብሔር የለም ብሎ በአደባባይ የሚናገር ነው። መጽሐፍም ጽፎበታል። ጾም ጸሎት የምታውቅ እናት ከአገር ቤት መጥታ እሱ ፊት ቁጭ ትበል? አስማት ደግሞ አስማት ነው። ልጆቼን አልወስድም።

ጋሽ መምህር፦
እትዬ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ሰውየው የማያምን መሆኑም እውነት ነው። ግን የሚሠሩት ነገር እርስዎ ከሚፈሩት ጋር የተጣላ ነው። መንፈስ አለብን አይሉም። መንፈስ አለብን የሚሉትን ነው የሚያጋልጡት። ሾውታይም በሚባለው የአሜሪካ ቲቪ ጣቢያ ላይ ከ2003 እስከ 2010 ፕሮግራም ነበራቸው። የመጀመሪያው ክፍል ሙታን እናናግራለን እያሉ ሐዘንተኛ በሚበሉ ሰዎች ላይ ነበር። እዚህ ከተማም ይሁን አገር ቤት ስንት እናት ወርቋን ሸጣ ጠንቋይ ቤት ያስገባች አለች። «አውቅልሃለሁ» የሚለው ሰው ከሰው ፊት አንብቦ እንደሚናገር እናት ብታይ ምን ክፋት አለው?

የልጆች እናት፦
ጠንቋይን ለመቃወም ካህን አለን፣ መጽሐፍ አለን። ለዚያ ከሃዲ አያስፈልገኝም ጋሼ። ደግሞ ይሳደባል አሉ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
መድረክ ላይ አፉ አንዳንዴ ይለቀቃል፣ አልዋሽም። ቲቪ ላይ እንደነበረው አይደለም ግን።

ሰላም፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እኔ ግን ለጥያቄዬ መልስ አላገኘሁም። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ይሄ ሰውዬ ዝም የማይል ከሆነ ሰዓቱን ሙሉ እያስተረጎመችኝ ነው የምንጨርሰው። ከኋላ ያለው ሰው ይቆጣናል። ቅር እንዳይላትም እፈራለሁ።

ሹፌሩ፦
ሰላም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፔን ብዙ ያወራል። ረጅም ነው፣ ድምፁም ትልቅ ነው፣ ሲያወራ ግማሹ ትሪክ ወሬው ውስጥ ነው። እሱ ሲሠራ እናትሽ ይሰለቻታል። ቴለር ሲሠራ ግን ካንቺ እኩል ነች። እንዲያውም ትበልጥሻለች፣ ምክንያቱም ቃል አትጠብቅም።

ጋሽ መምህር፦
ጽጌረዳዋን ልንገራት። ጠረጴዛ ላይ ብልቃጥ አለ፣ ውስጡ አንዲት ጽጌረዳ። መብራት ይበራበታል፣ ጥላዋ ኋላ የቆመው ነጭ ወረቀት ላይ ያርፋል። ቴለር ቢላ ይዞ ወደ ጥላው ይሄዳል። አበባዋን አይነካም። የጥላውን ቅጠል በቢላ ቆረጥ ሲያደርግ እውነተኛዋ አበባ ላይ ያው ቅጠል ይወድቃል። ሌላውን ይቆርጣል፣ ሌላው ይወድቃል። እንግዲህ ይሄን ለየትኛዋ እናት ነው የሚያስተረጉሙላት? ከልጅነቱ ጀምሮ ያሰበው ነው። አንድ የቤልጂየም ሰው አስመስሎ ሠርቶ ሊሸጠው ሲሞክር ቴለር ከሶ በ2014 አሜሪካ ፍርድ ቤት ተፈረደለት። ሕጉ የጠበቀለት ያለ ቃል የሚሠራ ድራማ ስለሆነ ነው። ትሪኩ ብቻውን ቢሆን አይጠበቅለትም ነበር።

ዲለሩ፦
ጋሼ ያወሩት በሙሉ ቪዲዮ አለው። አሁን ከፍቼ አየሁት። ያው በቲቪ ያየነው ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
አሁን ከከፈትከውማ ትናንት አላየኸውም ነበር ማለት ነው!

ዲለሩ፦
ቃል አትልቀም። ደግሞ ስለ ዕድሜያቸው ማንም አልመለሰልኝም። ቴለር በ1948 ነው የተወለደው። በ2022 የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። እጁ ድሮ እንደነበረው ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
አድርጎ ተመለሰ እኮ! መድረክ ላይ መርፌ ይውጣል፣ ክር ይውጣል፣ ከዚያ መርፌዎቹ በክሩ ተሰክተው ከአፉ ይወጣሉ። በዚህ ዕድሜ። ፔንም ከክብደቱ ከመቶ ፓውንድ በላይ ቀንሶ ነው የቆመው። አንተ ሽማግሌ ነው ብለህ የምትንቀውን እኔ ቶሎ እዩት የምለው ለዚህ ነው። ነገ መድረክ ላይ ላናገኛቸው እንችላለን። ቪዲዮው ግን የትም አይሄድም።

ሹፌሩ፦
እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ድሮ ትርኢቱ ሲያልቅ ሁለቱም በር ላይ ቆመው ለሚወጣው ሰው ሁሉ እጅ ይሰጡ፣ ፎቶ ይነሱ ነበር። በነጻ። ቴለር እዚያ ጋ ያወራል፣ ድምፁን የሚሰማው እዚያ ነው። ኮቪድ ሲመጣ ቆመ። ሰላም፣ እሱን ተስፋ አድርገሽ እንዳትሄጂ። ግን ቀድማችሁ ግቡ። ከትርኢቱ በፊት ማይክ ጆንስ የሚባል ጎበዝ ፒያኖ ይጫወታል፣ ፔን ራሱ ቤዝ የሚባለውን ትልቅ የክር መሣሪያ ይዞ ያጅበዋል። ብዙ ሰው ወንበር እየፈለገ ሳያየው ያልፋል። ለእናትሽ ሙዚቃውም ቋንቋ አይፈልግም። ወንበር ስትገዢ ደግሞ ወደ ፊት አድርጊው። መርፌ ከሩቅ አይታይም።

የልጆች እናት፦
ሰላምዬ፣ እኔ አሁንም አልመክርሽም። እናትሽን ቤላጂዮ ሆቴል ፊት ለፊት ፏፏቴው በሙዚቃ ሲጨፍር አሳያት፣ ከዚያ ምሳ አብያት። ውኃው በነጻ ነው፣ ንጹሕም ነው።

ሰላም፦
ውኃውን ማየታችን አይቀርም እትዬ። እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። «ጠንቋይ የሚያጋልጡ ከሆነ አየዋለሁ» አለች። ወንድሜ ደግሞ «እምነት የሌለው ሰው ጋ አትውሰጃት» ብሎ ተቆጣ። አሁን ሁለቱ እየተጨቃጨቁ ነው።

ዲለሩ፦
እንግዲያው ምትሃት የግድ ከሆነ ሌላውን ምትሃተኛ፣ ማክ ኪንግን አሳያት። ኤክስካሊበር ሆቴል ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ቤተሰብ የሚያየው ነው። ይሄን ደግሞ ማንም ሊቃወመኝ አይችልም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ማክ ኪንግ ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም። ግን ትርኢቱ በሙሉ ወሬ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ዝም የሚል ጓደኛም የለውም። እናትየዋ ምኗን ትያዝ?

ዲለሩ፦
እሱ ቢያንስ አይሳደብም።