ጥያቄ፦ የጀልባ የጥልቀት መለኪያ ተበላሽቶ በጠባብ የባሕር መተላለፊያ መግባት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ስለሚያስቸኩል በቀጥታ ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ። ከመተላለፊያው አፍ ውጪ መልህቅ ጥለን ቆመናል፤ የጥልቀት መለኪያው ግን በቁጥር ፋንታ ሰረዝ ብቻ ያሳያል። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ ፊውዙንም ቀይሬያለሁ። ጂፒኤሱ ይሠራል፤ የወረቀት ካርታም ይዘናል። ሳይመሽ ለመግባት ምን ላድርግ?

ደንብ አክባሪ፦ ከሁሉ በፊት ሕጉን ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ በቁጥር 9 እንደሚያዘው፣ በጠባብ መተላለፊያ የሚጓዝ ሁሉ ለደኅንነቱ እስከተመቸ ድረስ የቀኙን ዳር ይዞ ይሄዳል። ርዝመቱ ከ20 ሜትር በታች የሆነ ጀልባ ከመስመሩ መውጣት የማይችለውን መርከብ መንገድ አይዘጋም። ከመታጠፊያ ወዲያ ያለው ካልታየዎት ከ4 እስከ 6 ሰከንድ የሚቆይ አንድ ረዥም ጥሩንባ ይንፉ። ከባሕር ሲገቡ ቀዩ ተንሳፋፊ ምልክት በአብዛኛው ዓለም በግራ፣ በአሜሪካ አህጉሮች፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በፊሊፒንስ ግን በቀኝ ይሆናል።

ፈጣን መልስ፦ ፊውዙን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጠያቂ፦ ፊውዙን ቀይሬያለሁ ብያለሁ እኮ።

ነባር መርከበኛ፦ እኔ የጥያቄውን መነሻ አልቀበለውም። ሳይመሽ መግባት አለብን ያለዎት ማን ነው? መልህቁ ከያዘ እዚያው ማደር ይሻላል። ደግሞስ የጀልባዋ ሥር ከውኃው ገጽ በታች ምን ያህል ይወርዳል? ነፋሱ ከየት ነው? ባሕሩ እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ? ይህ ሳይታወቅ ማንም ሊመክርዎት አይችልም።

ጠያቂ፦ 1.4 ሜትር ይወርዳል። በካርታው ላይ ዝቅተኛው ጥልቀት 1.2 ሜትር ነው። ሙላቱ ጀምሯል፤ ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ነው፣ እየበረታም ነው።

ገመድ ያዥ፦ የካርታው ጥልቀት ባሕሩ እጅግ በጎደለበት ጊዜ የሚኖረው ስለሆነ የሙላቱን ከፍታ ይደምሩበት። ሙላቱ 1.5 ሜትር ሲደርስ ጥልቀቱ 2.7 ይሆናል፣ ከጀልባዋ በታችም 1.3 ይተርፋል፤ ሞገዱ የሚቀንሰውን ግን አይርሱ። ሙላቱ 6 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ግማሹ የሚመጣው በ3ኛውና በ4ኛው ሰዓት ነው፤ ጅረቱም ያኔ ይበረታል፣ ከኋላ እየገፋም መሪውን ያሰንፋል። ስለዚህ ሙላቱ ከጀመረ በ5ኛው ሰዓት ይግቡ፤ አሸዋ ቢነኩ እንኳ ቀሪው ሙላት ያነሣዎታል።

መለኪያውን በእጅ ይሥሩት። ከበድ ያለ ብረት በገመድ ጫፍ አሥረው በየ1 ሜትሩ ጨርቅ ይቋጥሩ። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ብረቱን ወደ ፊት ይወርውር፤ ጀልባዋ ደርሳበት ገመዱ ቀጥ ሲል ቋጠሮውን አንብቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር። የብረቱን ሥር ግሪስ ቢቀቡት አሸዋ ወይም ጭቃ ይዞ ይወጣል።

ፈጣን መልስ፦ ሰረዝ ማለት መሣሪያው ኃይል አግኝቷል፣ ነገር ግን ወደ ባሕሩ ወለል የላከው ድምፅ ማሚቶ አልተመለሰለትም ማለት ነው። ከጀልባዋ ሥር ያለው ላኪ ክፍል በአረም ተሸፍኖ ወይም የገመዱ መሰኪያ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል መሰኪያውን ነቅለው ያድርቁት።

ነባር መርከበኛ፦ ነፋሱ ወደ የብስ እየበረታ ከሆነ ማደሩ አደጋ አለው፤ እዚህ ላይ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ሞገዱ በአፉ ላይ የሚሰበር ከሆነ ግን አይግቡ፤ መልህቁን አንሥተው ከየብሱ ይራቁ። ካልተሰበረ፣ ካርታው መሪ ምልክቶችን (የመግቢያውን መስመር ለማሳየት አንዱ ከሌላው ኋላ የተተከሉ ሁለት ምልክቶችን) ካሳየ የፊተኛውና የኋለኛው ተደራርበው እንዲታዩ አድርገው ይንዱ፤ የፊተኛው ወደ ግራ ከሸሸ እርስዎም ወደ ግራ ይሂዱ። መልህቁ ለመጣል ዝግጁ ይሁን፤ የእጅ ገመዱ ከ2 ሜትር በታች ካነበበ ደግሞ መዞሪያ ሥፍራ ሳያልቅብዎት ይመለሱ።