አክስለሬሽን «መፍጠን» ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም የቃላት ወዳጆች። ልጄ የፊዚክስ መጽሐፏን ይዛ መጣችና «ጨረቃ አክስለሬሽን አላት፣ ፍጥነቷ ግን አይጨምርም ይላል፤ እንዴት ይሆናል?» አለችኝ። እኔ አክስለሬሽንን የማውቀው «ፍጥነት መጨመር» ብዬ ነው። በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግራ የሚያጋባው የኛው «ፍጥነት» ነው። በዕለት ንግግራችን ፍጥነት ማለት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚኬድ ነው። ወዴት የሚለው አይገባበትም። መኪናው ወደ ደብረ ብርሃንም ይሂድ ወደ ሞጆ፣ 80 ያው 80 ነው። ፊዚክስ ግን መጠኑንም አቅጣጫውንም አንድ ላይ ይዞ ቬሎሲቲ ይለዋል። አክስለሬሽን የዚህ የቬሎሲቲ ለውጥ ነው። መጠኑ ባይነካም አቅጣጫው ከዞረ አክስለሬሽን አለ።

ለልጅህ ወንጭፍ አሳያት። ድንጋዩን እኩል ስታሽከረክረው ገመዱ ሁልጊዜ ወደ እጅህ ይስበዋል። ድንጋዩ የሚሄደው ወደ ጎን፣ የሚሳበው ወደ ውስጥ። ስለዚህ ገመዱ ወደፊት አይገፋውም፣ ወደኋላም አይጎትተውም። መንገዱን ብቻ ያጥፍበታል። ስትለቀው በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይወነጨፋል።

ጨረቃን የያዛት የምድር ስበት ነው። በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። በዚያች አንድ ሰከንድ፣ ቀጥ ብላ ብትሄድ ከምትደርስበት ቦታ ወደ ምድር 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ትጠጋለች። በቃ ይቺው ናት! ይህቺ ሚጢጢ መታጠፍ እየተደመረች በ27.3 ቀን ሙሉ ዙር ታዞራታለች። (ምሕዋሯ፣ ማለትም የምትዞርበት መንገድ፣ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ፍጥነቷ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። መጽሐፉ ክብ አድርጎ ወስዶት ነው።)

ስለ ቃሉ ከጠየቅከኝ «ማፋጠን»ን አልወደውም። ከ«ፈጠነ» ስለመጣ ሰው ሁሉ መጨመር ይመስለዋል። ፍሬን መያዝም እኮ አክስለሬሽን ነው። ቃሉን እንዳለ ወስዶ «የቬሎሲቲ ለውጥ» ብሎ ማስረዳት ይሻላል።

ሌላ አባል፦ «ሳተላይት መጠቀች» የምንለውስ? እሱም ወደ ላይ መውጣትን ብቻ ነው የሚነግረን።

መልስ፦ ጥሩ አነሣሽ እህቴ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ የሮኬቱ ከባድ ሥራ ወደ ጎን በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ እንድትሄድ ማድረግ ነበር። ከፍታማ ብቻውን አያድንም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥታም ስበቱ ምድር ላይ ካለው ከ80 በመቶ በላይ ነው። የጎን ፍጥነቱ ባይኖራት ተመልሳ ትወድቅ ነበር። «መጠቀች» ይቆይልን፣ ቆንጆ ቃል ነው። ግን ዜናው ላይ «ምሕዋሯን ያዘች» ቢጨመርበት ደስ ይለኛል። ምሕዋር ከግእዙ «ሖረ»፣ ሄደ ከሚለው ነው የመጣው፤ መሄዷን ይነግረናል።