የቤት ሮቦቴ ቻርጀሩን ያየዋል፣ ግን አይገጥምም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፣ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ ውሃና መድኃኒት ከኩሽና ሳሎን የሚያመላልስላት ትንሽ ሮቦት እየሠራሁላት ነው። መሄዱንስ ደህና ይሄዳል። የቸገረኝ ባትሪው ሲደክም ራሱ ሄዶ ቻርጀሩ ላይ መግጠሙ ነው። እሷ ጎንበስ ብላ ገመድ የምትሰካ ከሆነማ ልፋቴ ምን ዋጋ አለው?

አርዱይኖ (ሮቦቱን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ ሁለት ሞተርና በተከታታይ የተያያዙ 3 የ18650 ባትሪዎች (የላፕቶፕ ዓይነት ክብ የሊቲየም ባትሪ) ከነመከላከያ ሰሌዳቸው አሉኝ። ሮቦቱ ቻርጅ የሚያደርግበት ማቆሚያ ላይ በ38 ኪሎኸርዝ የሚሠራ፣ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ መብራት አድርጌያለሁ። ሮቦቱ ፊት ላይ ደግሞ የቲቪ ሪሞት የሚቀበለው ዓይነት ሴንሰር አለ። ሮቦቱ ማቆሚያውን ለአፍታ ያየውና ይዞርለታል፣ ከዚያ ድንገት ይጠፋበታል። አንዳንዴ ነጩን ግድግዳ ሄዶ ይገጫል። ቀንቶት ሲደርስም ትንሽ ስለሚዛነፍ ኃይል የሚያስተላልፉት የሮቦቱና የማቆሚያው የመዳብ ጫፎች አይገናኙም። የ12.6 ቮልቱን ቻርጀር በቀጥታ ከማቆሚያው ጫፎች ጋር፣ ባትሪውንም በቀጥታ ከሮቦቱ ጫፎች ጋር ነው ያያያዝኩት።

ሬዲዮና ቲቪ ጠጋኝ፣ ከደሴ

ልጄ፣ እናትሽን ይማርልሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መብራቱን ያለማቋረጥ ነው የምታበሪው? እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው። ያ ሴንሰር የተሠራው ለሪሞት ነው። ሪሞት ደግሞ በአጭር በአጭሩ ይልክና ያርፋል። ሳያቋርጥ የሚመጣበትን ብርሃን ሴንሰሩ እንደ ፍሎረሰንት ረብሻ ይቆጥረውና የራሱን ትብነት ይቀንሳል። ለአፍታ አይቶ የሚጠፋበት ለዚህ ነው። ልክ እንደ ሪሞት ኮድ ላኪለት፣ ከእያንዳንዱ ኮድ በኋላም አሳርፊው። መብራቱ መሥራቱን ለማየት የስልክሽን ካሜራ አዙሪበት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛ፣ አንድ መብራት አይበቃሽም። ሁለት አድርጊ፤ ግራው አንድ ኮድ፣ ቀኙ ሌላ ኮድ ይላክ። መሃላቸው ጥቁር የተቀባ ቀጭን ጣውላ አቁሚ። ሮቦቱ ሁለቱንም ኮድ የሚያገኘው መሃል መስመሩ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ግራውን ብቻ ካየ ወዴት ማዘንበል እንዳለበት ያውቃል። ግድግዳውን የሚገጨው ብርሃኑ ስለሚነጥር ነው። የመብራቱን ሬዚስተር ከፍ አድርገሽ ኃይሉን ቀንሺ። ሴንሰሩንም ከጥቁር ካርቶን የተጠቀለለ ቱቦ አልብሺው፤ ፊት ለፊቱን ብቻ እንዲያይ።

መካኒክ፣ ከአዳማ

የጋሼ ምክር ልክ ነው። እኔ ስለ ቅርጹ ልጨምር። እህቴ፣ ፕሮግራሙ ሚሊሜትር እንዲመታልሽ አትጠብቂ። ማቆሚያው ራሱ ስህተቱን ይቀበልልሽ። ሁለት ግድግዳ ያለው፣ አፉ ሰፊ ውስጡ ጠባብ አድርጊው። ሮቦቱ 3 ሴንቲሜትር ቢዛነፍም ጎኑ ተንሸራቶ መሃል ይገባል። የመዳብ ጫፎቹን ማቆሚያው ላይ ሰፋፊ አድርጊ፤ ሮቦቱ ላይ ያሉትን ደግሞ በስፕሪንግ ደግፊ። ከአሮጌ ቶርች ባትሪ ቤት የሚወጣው ስፕሪንግ ይበቃል። ማቆሚያውን ግድግዳ ላይ በብሎን እሰሪው፤ አለበለዚያ ሮቦቱ ይገፋዋል፣ ቤት ሲጠረግም ይንቀሳቀሳል።

ባለ ሁለት ሞተር ሮቦት ወደ ጎን መንሸራተት አይችልም። አጠገቡ ደርሶ ከተዛነፈ እዚያው ቢወራጭ ዋጋ የለውም። ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይመለስ፣ አቅጣጫውን ያስተካክል፣ እንደገና ቀስ ብሎ ይምጣ። መኪና ስታቆሚ እንደምታደርጊው ማለት ነው።

ከሜሪላንድ

ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተርና ካሜራ ብትጠቀሚስ? ማቆሚያው ላይ ኤፕሪል ታግ የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ምልክት ትለጥፊያለሽ፤ ካሜራው ርቀቱንም አንግሉንም ያሰላል።

ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ጥሩ መንገድ ነው፣ ግን ማታ ክፍሉ ሲጨልም ምልክቱ አይታይም። ባትሪም ይበላል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ግሬይ ዋልተር የሚባል ተመራማሪ ኤልመርና ኤልሲ የተባሉ ሁለት ኤሊ መሰል ሮቦቶች ሠርቶ ነበር። ባትሪያቸው ሲደክም መብራት ወዳለበት ማደሪያቸው እየሄዱ ቻርጅ ያደርጉ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር አልነበራቸውም። ስለዚህ በያዝሽው ቀጥይ ባይ ነኝ።

ኤሌክትሪሽያን፣ ከሀዋሳ

እኔን ያስፈራኝ ሽቦሽ ነው። የሮቦቱ ጫፎች ከባትሪው ጋር በቀጥታ ከተያያዙ፣ ሮቦቱ እየዞረ ባለበት ሰዓት እንኳ የባትሪው ኃይል ጫፎቹ ላይ አለ። አንድ የወደቀ ማንኪያ ቢነካቸው ሾርት ያደርጋል። መከላከያ ሰሌዳው ያድነኛል ብለሽ አትተማመኚ። ማቆሚያው ላይ ፊውዝ ያለው የ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር አድርጊ። ሮቦቱ ላይ ከጫፎቹ ቀጥሎ ዳዮድ፣ ከዳዮዱ ቀጥሎ ቮልትና አምፔር የሚገደብበት ኤክስ ኤል 4015 ሞጁል አስገቢ። ባትሪውን ከመግጠምሽ በፊት በመለኪያ 12.6 ቮልትና 1 አምፔር ላይ አስተካክይው። ዳዮዱ ኃይል ወደ ጫፎቹ እንዳይመለስ ይከለክላል።

መግጠሙን ለማወቅ ከዳዮዱ በፊት 22 ኪሎ ኦምና 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቮልት መከፋፈያ አድርገሽ ተጠቀሚ፤ 19 ቮልቱ ወደ 3.3 ይወርድልሻል። አርዱይኖው ይህን ሲያነብ ሞተሮቹ ይቁሙ። ወደ ቻርጀር የሚመለሰው ደግሞ ባትሪው 10.5 ቮልት ሲደርስ ይሁን። ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ለአፍታ ስለሚወርድ የ10 ሴኮንድ አማካይ ውሰጂ።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እውነትም ያለማቋረጥ ነበር የማበራው። ኮዱን ቀየርኩት፣ ጣውላውንም አቆምኩ። አሁን ከ3 ሜትር ርቀት መስመሩን ይዞ ይመጣል። ሽቦውንም እንደተባልኩት ቀየርኩ። ግን ትናንት ማታ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ቻርጅ እያደረገ ሳለ መብራት ሄደ። ሮቦቱ ከማቆሚያው የወጣ መስሎት በጨለማ ፍለጋ ጀመረ። እናቴ ደንግጣ ጠራችኝ።

ኤሌክትሪሽያን፣ ከሀዋሳ

አንዴ ከገጠመ በኋላ ኃይል ቢቋረጥም አይንቀሳቀስ። ባለበት ይጠብቅ። ውጭ እያለ መብራት ከሄደ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈልግ፤ ጥግ ይዞ ይቁምና ድምፅ ያሰማ። የማቆሚያውን ኢንፍራሬድ በአንድ 18650 ባትሪና በትንሽ ቻርጅ ማድረጊያ ሞጁል ደግፊው። ፓወር ባንክ አይሆንሽም፤ ብዙዎቹ ትንሽ ጭነት ሲሆን ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ጠያቂዋ

ሠርቷል! ዛሬ 10 ጊዜ ሞክሬ 9 ጊዜ ገጠመ። አንዱ የከሸፈው ለቡና የተጎዘጎዘው ቄጤማ ጎማው ላይ ተጠምጥሞበት ነው። እናቴ ራሷ በመቀስ ቆርጣ አወጣችለት። ለቄጤማው መላ ያለው ይጻፍልኝ፤ ጎማው 6 ሴንቲሜትር ነው፣ አክስሉ ክፍት ነው።